ፋጢማ ቀድማ ጠይቃልኛለች

ከሩኩዕ ቀና ስንል ነው የመጣው። የመስጂዱ የሴቶች ክፍል ጸጥ ብሏል። ከጎኔ የቆሙት እናት ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማኛል። ያን ጊዜ ከሆዴ ግራ ጎን፣ ከጅልባቤ ሥር አየር ወጣ። ድምፁ የሚደበቅ አልነበረም። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል።

ሶላቴን አላቋረጥኩም። ከሰው ጋር ወደ ሱጁድ ወረድኩ።

ኢማሙ ሲያሰላምቱ ከፊቴ የነበረች ወጣት ዞር አለችና በጆሮዬ፣ "እማማ፣ ውዱእዎ ፈርሷል እኮ" አለችኝ። በአክብሮት ነው ያለችኝ፤ ክፋት የለባትም። ውዱእ ከሶላት በፊት የምንታጠበው ነው፤ አየር ሲወጣ ይፈርሳል። "አውቄ ነው ልጄ፣ የኔ በዚህ አይፈርስም" አልኳት። ግራ ገብቷት ዝም ብላ አየችኝ። ጁሙዓ ነው፣ ሰው ይወጣል ይገባል፣ ቆሜ ላስረዳት አልቻልኩም። ያን ቀን ያልነገርኳትን ነው ዛሬ የምጽፈው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ኅዳር 20 ቀን 2012 ዓ.ም በካንሰር ምክንያት የአንጀቴ መጨረሻ ተቆርጦ ወጣ። የተፈጥሮው መውጫ ተሰፍቶ ተዘጋ። የቀረው አንጀት ጫፉ በግራ በኩል ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ በሆዴ ቆዳ ላይ ተከፈተ። ሐኪሞቹ ስቶማ ይሉታል። መልኩ የከንፈር ውስጥ ይመስላል፤ ቀይ ነው፣ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ብትነካው አያምም። የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ የለውም። ስለዚህ ሰገራውም አየሩም ሲመጣ ይመጣል። "ቆይ" አይባልም። የሚወጣውን የሚቀበል ከረጢት ቆዳዬ ላይ ይለጠፋል። የኔ እስከ ዕለተ ሞቴ ነው። የሚመለስላቸው ሰዎች አሉ፣ የኔ ግን አይመለስም።

ሆስፒታል እያለሁ ብዙ ነገር አስረድተውኛል፤ አላህ ይስጣቸው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ኬሞው። ስለ ሶላት ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ምን ብዬ ልጠይቅ?

እናቴ የወሎ ሰው ነበረች። የሶላት ልብሷ ለብቻው በሣጥን ነው የሚቀመጠው። ወጥ ቤት ለብሳው አትገባም። ኩስኩስቷን ሌላ ሰው አይነካባትም። ልጅ ሆነን ውዱእ ስታስተምረን ክርናችንን ትይዝና ውኃው ያልደረሰበትን ቦታ በጣቷ ታሳየናለች። "እዚህ ጋ ደርቋል፣ ድገሚ" ትለኛለች። የሽንት ፍንጣቂ ቀሚሴን ነክቶት ይሆናል ብዬ ከተጠራጠርኩ ቀሚሱ ይታጠባል። በዚህ ነው ያደግኩት። ሶላት ማለት ለኔ መጀመሪያ ንጽሕና ነው።

አሁን አስቡት። ነጃሳው፣ ርኩሱ ነገር፣ ሆዴ ላይ ተለጥፏል። በሩኩዕ አብሮኝ ያጎነብሳል፣ በሱጁድ አብሮኝ መሬት ይነካል። በዚህ ሁኔታ አላህ ፊት እንዴት ይቆማል? አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሆስፒታል "ስወጣ እጀምራለሁ" አልኩ። ከወጣሁ በኋላ "ቁስሉ ሲድን" አልኩ። ቁስሉ ዳነ። እኔ አልጀመርኩም።

አዛን ሲል ማጀት እገባና ዕቃ አጥባለሁ። ልጄ እየሰገድኩ ይመስላታል። ሰጋጃዬን ወንበሩ ላይ እጥፍ ብሎ ያየችው እሷ ናት። አቧራ ይዟል። "እማዬ፣ ስንት ቀን ሆነ?" አለችኝ። ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ።

ያን ማታ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ከኢሻ በኋላ ስልኩን አስደውላ በእጄ ሰጠችኝ። ኮሮና የገባበት ሰሞን ነው፤ ኬሞ ላይ ስለነበርኩ ሐኪሞቹ ከቤት አትውጪ ብለውኛል። መስመር ላይ ያሉት እናቴን በደንብ የሚያውቁ ሽማግሌ ሸህ ናቸው። ፊቅህ፣ የሃይማኖቱን ሕግ፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስቶማውን፣ ከረጢቱን፣ አየሩን፣ ሽታውን። ይህን ለወንድ፣ ያውም ለሸህ ሳወራ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መጨረሻ ላይ፣ "አባባ ሸህ፣ እኔ ከእንግዲህ አልጠራም። ሶላቱን ተውኩት" አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ "ልጄ፣ ይችን ቃል ከአንቺ በፊት ማን እንዳለቻት ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

አላውቅም ነበር።

"ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ" አሉኝ። ሐዲሱን አነበቡልኝ። ሁለቱ ታላላቅ የሐዲስ ሰብሳቢዎች፣ ቡኻሪም ሙስሊምም፣ የዘገቡት ነው። ደሟ ከሐይድ (ከወር አበባ) ጊዜ ውጪ የማያቋርጥ፣ ኢስቲሓዳ ያለባት ሴት ናት። ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ዘንድ መጥታ፣ ደሜ አይቆምም፣ አልጠራም፣ ሶላት ልተው? አለቻቸው። "አይ" አሏት። "እሱ የደም ሥር ነው እንጂ ሐይድ አይደለም።" የሐይድሽ ጊዜ ሲመጣ ሶላቱን ተዪ፣ ሲያልፍ ደሙን ታጠቢና ስገጂ። በሌላ አዘጋገብ ደግሞ ለየሶላቱ ውዱእ አድርጊ የሚል አለበት።

እኔ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ሐዲሱን ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ መሰለኝ፤ በሴቶች ትምህርት (ደርስ) ላይ ስለ ሐይድ ሲነገር። ግን የኔ ነው ብዬ አላውቅም። ሴትየዋ ያለችው እኮ እኔ ያልኩትን ነው። ቃል በቃል። አልጠራም፣ ልተወው? ልዩነታችን እሷ መጠየቋ ነው። ሄዳ፣ ፊት ለፊት፣ ስለ ማህፀኗ ደም ጠየቀች። መልሷም አንዲት አጭር ቃል ነበረች፤ አይ።

ሸኹ በዚያ አላበቁም። "የነቢዩ ባልደረባ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይንስ?" አሉኝ። "ቆሜ ልስገድ፣ ካልቻልኩ ተቀምጬ የሚለውን ሐዲስ ታውቂያለሽ አይደል? ቁመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ የተባለው እኮ ለእሱ ነው። ለምን እንደጠየቀስ ታውቂያለሽ? ኪንታሮት ነበረበት።" ይሄንንም አላውቅም ነበር። ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ከሐዲሱ ጋር በሽታው አብሮ እንደተጻፈ ልብ ብዬ አላውቅም። ያውም የኔው ቦታ በሽታ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ለዚያች ልጅም የምነግራት ይህንኑ ነበር።

እንደኔ ውዱእን የሚያፈርሰው ነገር የማይቆምለትን ሰው ዑለማዎቹ፣ ሊቃውንቱ፣ ባለ ዑዝር (ምክንያት ያለው) ይሉታል። ሽንት የማይቋጥር፣ አየር የማይገታ፣ ደሟ የማይቆም፣ እንደኔ ስቶማ ያለው፣ ሁሉም አንድ መዝገብ ውስጥ ናቸው። እኔ ከአራቱ የፊቅህ መንገዶች በሻፊዒይ መዝሀብ ነው የምሠራው፣ ሸኹም የነገሩኝ በዚያው ነው። የሶላቱ ወቅት ይግባ። ቀድሜ አላደርግም። ከገባ በኋላ የሚጸዳውን አጸዳለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ከዚያ ውዱእ አደርጋለሁ፣ ሳልዘገይ እሰግዳለሁ። ጀማዓ፣ አብሮ ሰጋጅ፣ መጠበቅ እንደ መዘግየት አይቆጠርም። በዚያ ውዱእ አንድ ፈርድ (ግዴታ ሶላት)፣ ሱናውን (ተጨማሪውን) ደግሞ የፈለግኩትን ያህል። በመሃል ከዚያው ቦታ የሚወጣው ነገር ውዱእን አያፈርሰውም። ሌላ አፍራሽ ከመጣ፣ ለምሳሌ ሽንቴን ብሸና ወይም እንቅልፍ ቢጥለኝ፣ እንደማንኛውም ሰው ይፈርሳል። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ሐነፊዮቹ ዘንድ ትንሽ ይለያል። ውዱእ የሚደረገው ለወቅቱ ነው፤ ወቅቱ እስኪወጣ ፈርዱንም ቀዷውንም (ያለፈህን ሶላት) ሱናውንም ትሰግድበታለህ፣ ወቅቱ ሲወጣ ያበቃል። ሐንበሊዮቹም ለየወቅቱ ነው የሚሉት። ማሊኪዮቹ ደግሞ ከሁሉም ያገራሉ፤ ነገሩ የወቅቱን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ከሆነ ውዱእን አያፈርስም፣ ማደሱ ይወደዳል እንጂ ግዴታ አይሆንም ይላሉ። እዚህ አገር ሻፊዒይም ሐነፊይም ስላለ ጎረቤትሽ ከአንቺ የተለየ ብታደርግ አትደንግጪ።

አንድ ነገር ግን ሸኹ አጥብቀው ጠየቁኝ። "በሶላቱ ወቅት ውስጥ የሚቆምበት የታወቀ ሰዓት አለ? ውዱእ አድርገሽ ፈርዱን ለመጨረስ የሚበቃ?" ካለ ያንን ሰዓት መጠበቅ አለብኝ፤ ዑዝሩ እዚያ ላይ አይሠራም። ስልኩን ዘግቼ ለሁለት ሳምንት አጠናሁት። ሰገራው ልማድ አለው፤ ጠዋት ቁርስና ቡና ላይ ይመጣል፣ ከሰዓት ብዙም የለም። አየሩ ግን ልማድ የለውም። ቀንም ሌሊትም ይመጣል። ደውዬ ነገርኳቸው፣ "እንግዲያው ባለ ዑዝር ነሽ" አሉኝ።

ከረጢቱስ? ነጃሳ ተሸክሜ ነው የምሰግደው? ይህን ስጠይቃቸው ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ሶላቱን ያስተወኝ ይኸው ስለነበር። "ልታወልቂው ትችያለሽ?" አሉኝ። ቆዳዬ ሳይላጥ በቀን አምስት ጊዜ አውልቄ መለጠፍ እንደማልችል ነገርኳቸው። አንዱ ሦስት ቀን፣ ጥሩ ሲሆን አምስት ቀን ነው የሚቆየው። ቶሎ ቶሎ ከተነሳ ቆዳው ይቆስላል፣ ከቆሰለ ደግሞ አዲሱ አይለጠፍም። "እንግዲያው ከታች ከፍተሽ የሚደፋውን ድፊው። የቀረውን አላህ አይጠይቅሽም" አሉ። ከዚያ የሱረቱል ማኢዳን ስድስተኛ አንቀጽ አነበቡልኝ። የውዱእ አንቀጽ ናት። ፊታችሁን፣ እጆቻችሁን እጠቡ ብላ ትጀምራለች፣ ውኃ ላጣና ለታመመ ተየሙምን (በንጹሕ አፈር መጥራትን) ታመጣለች፣ መጨረሻዋ ላይ ግን አላህ በናንተ ላይ ችግር ማድረግን አይሻም ትላለች። በዚያችው አንቀጽ ውስጥ።

የምቀይርበት ቀን እንዲህ ነው። አዛን ይላል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ለብ ያለ ውኃና ጥጥ አለኝ። አሮጌውን ከላይ ወደ ታች፣ ቆዳውን በአንድ እጄ ተጭኜ በቀስታ አነሳዋለሁ። ስቶማዬን በውኃ ብቻ አጥባለሁ፤ ሽቶ ያለው ሳሙና ከነካው ማጣበቂያው አይይዝም። ቆዳው በደንብ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። አዲሱ ላይ ቀዳዳውን በመቀስ እቆርጣለሁ። ይህ ለኔ ቀላል ነው፤ 30 ዓመት የእጅጌ ክብ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ሰፊ ከሆነ ሰገራው ቆዳዬን ይነካና ያቃጥለኛል፣ ጠባብ ከሆነ ሥጋውን ያንቀዋል። ተለጣፊውን በመዳፎቼ መሃል ይዤ አሞቀዋለሁ። እለጥፈዋለሁ፣ መዳፌን ጭኜ እቆያለሁ። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዚክር እላለሁ፤ መታጠቢያ ቤት ስለሆነ በልቤ ነው። ከዚያ ወጥቼ በእናቴ ኩስኩስት ውዱእ አደርጋለሁ። እጆቼን፣ አፌን፣ አፍንጫዬን፣ ፊቴን። ክርኔ ላይ ስደርስ ጣቷ ይታየኛል።

ሪያድ ያለች የእህቴ ልጅ በመንገደኛ ሻንጣ ነው ከረጢቶቹን የምትልክልኝ። እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። ሳይኖረኝ ፌስታል በጨርቅ ያሰርኩባቸው ቀኖች አሉ። በነዚያም ቀኖች ሰግጃለሁ።

የተውኩት 112 ቀን ነው። በአምስት ሲባዛ 560 ሶላት። ሸኹ፣ ሳታውቂ ብትተይውም ቀዷ አለብሽ አሉኝ። ከየፈርዱ በኋላ አንድ አንድ እጨምራለሁ፤ ለዚያኛው ውዱእ እንደገና አደርጋለሁ። የደንበኞቼን ልኬት የምጽፍበት ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ጭረት እጭራለሁ። ኬሞ የምወስድባቸው ሳምንታት ላይ ድካሙ ሲጥለኝ፣ ዙህርንና አስርን፣ መግሪብንና ኢሻን እንዳቆራኝ ፈቀዱልኝ። ኢስቲሓዳ ለነበረባት ለሐምና ቢንት ጀሕሽ ነቢዩ ይህን መንገድ አሳይተዋታል፤ ቲርሚዚ ዘግቦታል። ሐንበሊዮቹ በዚህ ይሠራሉ። ያ ረመዳን መስጂድ ተዘግቶ አገሩ ሁሉ ተራዊሕ በቤቱ የሰገደበት ነው። እኔም ሳሎኔ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰገድኩ። ለምን መስጂድ አትመጪም የሚለኝ አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው መስጂድ ሲከፈት ነው። ሴት ልጅ ጁሙዓ ግዴታ እንደሌለባት አውቃለሁ። ግን ናፈቀኝ። አንዲት የማውቃት ሴት፣ ቁርኣን የቀራች ናት፣ "ይህን ይዞ መስጂድ አይገባም፣ ሐራም ነው" አለችኝ። ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። ሦስት ሳምንት አልወጣሁም። በኋላ ስጠይቅ የተነገረኝን እዚህ ላስፍረው፣ ሌላ ሴት ሦስት ሳምንት እንዳታጣ። ቡኻሪ ከእናታችን ዓኢሻ ዘግቦታል፤ ከነቢዩ ሚስቶች አንዷ ኢስቲሓዳ እያለባት መስጂድ ውስጥ ከሳቸው ጋር ኢዕቲካፍ (ለአምልኮ መቆየት) ገብታለች። ደሙን ታየው ነበር። አንዳንዴ እየሰገደች ከሥሯ ሳህን ያስቀምጡላት ነበር። በነቢዩ መስጂድ ውስጥ፣ እሳቸው እያሉ። ዑለማዎቹ የሚሉትም መስጂዱ እንዳይቆሽሽ ከተጠነቀቀች ትግባ ነው። እኔ እጠነቀቃለሁ። ከመውጣቴ በፊት ባዶ አደርገዋለሁ፣ ሽታ የሚይዝ ማጣሪያ ያለውን እለብሳለሁ፣ አርብ ጠዋት ሽሮና ጎመን አልበላም።

ሳያውቁ ሐራም ማለት ሰው ይጎዳል። አቡ ዳውድ የዘገቡትን አስታውሱ። አንድ ሰው በጉዞ ላይ ራሱ ተፈነከተ፣ ከዚያ መታጠብ ግድ ሆነበት። ጓደኞቹን ተየሙም ይቻለኛል ወይ አላቸው። ውኃ እያለ አይቻልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ ሲሰሙ በጣም ተቆጡ፤ "ካላወቁ ለምን አልጠየቁም? ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው" አሉ። ሶላትን ለሚወድ ሰው፣ ከሶላት ማስቀረትም ቁስል ነው።

ጥንቃቄው በሌላ በኩል ሲያልፍ ወስዋስ፣ የማያቋርጥ ጥርጣሬ፣ እንደሚሆን ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሶላት የምጀምርበትን ተክቢራ ከማድረጌ በፊት ከረጢቱን አምስት ስድስት ጊዜ እነካ ነበር። ፈሰሰ? ተነቀለ? ሶላት ውስጥም ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። ሸኹ ከለከሉኝ። "አንዴ እይው፣ ውዱእ አድርጊ፣ ከዚያ እጅሽ አይሂድ።" አሁን ስገባ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እዚያው አቆየዋለሁ።

ከረጢቱ የላስቲክ ድምፅ ስላለው ከጥቁር ጥጥ ጨርቅ ልባስ ሰፋሁለት። ላቡንም ይይዛል፣ ለሶላት ንጹሑን እቀይራለሁ። የሆስፒታል ወሬ አይደበቅምና ሌሎችም እየመጡ ያሰፋሉ። ባለፈው ወር አንዲት እናት ከጅማ መጡ። እንደኔው ናቸው። ልኬታቸውን ስወስድ ዋጋውን አልጠየቁኝም። ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚሳቸውን እንደሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ አንቺ ግን... ትሰግጃለሽ?" አሉኝ።

"እሰግዳለሁ።"

"እንዲህ ሆነሽ?"

"እንዲህ ሆኜ።"

ዙህር ደርሶ ነበር። ተቀመጡና ነገርኳቸው፤ የፋጢማን፣ የሳህኑን፣ የወቅቱን ነገር። ስንት ጊዜ እንደተዉ አልጠየቅኳቸውም። ኩስኩስቱን ሞላሁላቸው። ውኃው ክርናቸውን ሲያልፍ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሱቄን በር መለስ አድርጌ፣ በስፌት መኪናውና በጠረጴዛው መሃል ባለችው ቦታ ሰጋጃ ዘረጋሁ። ለሁለት ይጠባል፤ ትከሻችን ተነካክቶ ቆምን። ሁለተኛው ረከዓ ላይ፣ ሱጁድ ላይ እያለን ድምፁ መጣ። ከኔ ይሁን ከሳቸው አልለየሁትም። ሳንነሳ ቆየን።